ብሩ ከመግባቱ በፊት፦ በጅማ ለሚነግድ ሰው የሚበጁ የሥራና የኑሮ መርሖች

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ በእኩል መጠን አይዘዋወርም። ቡናው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሲለቀምና ሲሸጥ የቡና ነጋዴው ብቻ ሳይሆን ጨርቅ ሻጩ፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብሩ፣ ምግብ ቤቱና ባለባጃጁ ሁሉ ገበያ ይደራላቸዋል፤ ክረምቱ ሲገባ ግን ያው ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ገበሬውም ለቀለብና ለልጆቹ ትምህርት ብድር ፍለጋ ይወጣል። በእንዲህ ያለ ከተማ የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው መርሕ፣ ስለ ገንዘብ የሚወስናቸውን ዋና ዋና ነገሮች ገንዘቡ እጁ ከመግባቱ በፊት ወስኖ መጨረስ ነው። በኅዳር ወር ኪሱ የሞላ ሰው ሁሉም ነገር የሚቻል ይመስለዋል፤ ብድር ጠያቂውም፣ ደላላውም፣ መኪና ሻጩም የሚመጣው በዚያው ሰሞን ነው።

በነሐሴ ወይም በመስከረም አንድ ደብተር ይያዙና ከሚጠብቁት ገቢ ላይ ወጪዎችን በቅደም ተከተል ይጻፉ። መጀመሪያ የሚጻፈው የሚቀጥለው ዓመት መነሻ ካፒታል ነው፤ ይህ ገንዘብ ለሠርግም ሆነ ለቤት መሥሪያ አይነካም። ቀጥሎ ያለብዎት ዕዳ፣ ከዚያ ግብርና የንግድ ፈቃድ ማሳደሻ፣ ከዚያም ገበያው በሚቀዘቅዝባቸው ወራት ቤተሰቡ የሚተዳደርበት ገንዘብ ይመጣል። የቤትዎ ወጪ በወር 15,000 ብር ቢሆን፣ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ላሉት ስድስት ወራት 90,000 ብር በተለየ የባንክ ሒሳብ መቀመጥ አለበት፤ ወለድ የማይወስድ ሰው ባንኮች በሚሰጡት ከወለድ ነፃ አገልግሎት ይህንኑ ማድረግ ይችላል። መኪና፣ ሁለተኛ ሱቅ ወይም የቦታ ግዢ የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በሚተርፈው ነው። ብዙ ትጉ ነጋዴ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ከመኪናው ሲጀምርና በሐምሌ መነሻ ካፒታሉን ሲበላ ማየት ያሳዝናል።

የሱቅና የቤት ገንዘብ መለየቱም የዚሁ አካል ነው። ለራስዎ የወር ደመወዝ ይቁረጡ፤ ከመደርደሪያ ላይ ለቤት የሚወሰድ ስኳርና ሳሙና ሳይቀር እንደ ማንኛውም ሽያጭ ይመዝገብ።

ስለ ጥራት ግን ዘለግ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ የሚገዛ ልምድ ያለው ሰው ከጆንያው አፍ ላይ አይቶ አይገዛም፤ እጁን እስከ ታች ሰዶ አንድ ጭብጥ ያወጣል፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ይነቀንቀዋል፣ ፍሬው ከገለባው ውስጥ እየተንኳኳ ካልጮኸ ቡናው በደንብ እንዳልደረቀ ያውቃል። ሚዛን እንዲደፋ ብሎ እርጥብ ቡና የቀላቀለ ሻጭ በአንድ ፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ላይ፣ ጥቂት ብር ያገኝ ይሆናል፤ ቡናው መጋዘን ውስጥ ሻግቶ ሲገኝ ግን የሚታወሰው የእሱ ስም ነው። የጅማ ቡና በዓለም ገበያ ለረጅም ጊዜ የታወቀው «ጅማ 5» በሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ ሲሆን፣ ለዚህም አንዱ ምክንያት ቀዩና አረንጓዴው ፍሬ ሳይመረጥ በአንድ ላይ ከቅርንጫፉ መታለቡና በመሬት ላይ መሰጣቱ ነው እንጂ የአፈሩ ወይም የዛፉ ጉድለት አይደለም። በአጋሮ አካባቢ የሚገኘው የዱሮሚና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ቀይ እሸት ብቻ እየተቀበለ አጥቦ ማቅረብ ከጀመረ በኋላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ደረጃ በተካሄደ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ወጥቷል። ይሁን እንጂ ቀዩን እየመረጡ በተደጋጋሚ ማስለቀም የለቃሚ ክፍያ ይፈልጋል፤ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ማድረቅም እንዲሁ። ይህ ገንዘብ አስቀድሞ ካልተያዘ በጥድፊያ መታለቡ አይቀርም፤ ስለዚህ ጥራት የሚወሰነው በመስከረም ደብተር ላይ ነው ማለት ይቻላል። ልብስ ሰፊም፣ በርጩማ ጠራቢም፣ ማር ሻጭም ስለ ዕቃው ጥራት የሚወስነው ሥራው ሳይበዛበት መሆን አለበት።

ዱቤ ሌላው ፈተና ነው። ማንም ሳይጠይቅዎት ለአንድ ደንበኛ እስከ ስንት ብር እንደሚሰጡና እስከ መቼ እንደሚጠብቁ ይወስኑ፤ ሲሰጡም ቀኑንና መጠኑን በተበዳሪው ፊት ይጻፉ። ለዘመድ የሚሰጥ ገንዘብ ቢመለስም ባይመለስም ዝምድናው እንዳይጎዳ፣ በስጦታ ቢሰጡት በማይከብድዎ መጠን ይወሰን። በክረምት የቸገረውን ገበሬ ቡና ገና በዛፉ ላይ ሳለ በርካሽ ዋጋ መግዛትን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ትርፉ ብዙ ቢሆንም አይደረግ። በዚህ መንገድ የተሸጠ ቡና ገበሬውን በሚቀጥለውም ክረምት እዚያው ችግር ላይ ይጥለዋል፣ ዛፉን ለመንከባከብም ልብ አይሰጠውም፤ ነጋዴውም ከጊዜ በኋላ የሚገዛው ጥሩ ቡና ያጣል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን በገዙበት ዘመን የጅማው ትልቅ ገበያ ሂርማታ ከሩቅ አገር የሚመጡ የሲራራ ነጋዴዎች መገናኛ ልትሆን የቻለችው፣ ንጉሡ ለነጋዴው ከለላ በመስጠታቸውና ሰው ዕቃውን ይዞ ለመምጣት በመድፈሩ ነው። ገበሬውም ዛሬ ወደ መደብርዎ ሲመጣ ያንኑ መተማመን ይፈልጋል።

ዕቁብ ጥሩ የቁጠባ መንገድ ነው፤ ነገር ግን መዋጮው በቀዝቃዛዎቹ ወራትም ስለማይቋረጥ፣ ሊገቡበት የሚገባው ዕጣ በነሐሴ ገቢዎ ሊከፍሉት የሚችሉት ብቻ ነው። ለዕድር፣ ለለቅሶ፣ ለታመመ ጎረቤት የሚውለውን ጊዜ ከሥራ የተሰረቀ አድርጎ መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው፤ መጋዘን ሲቃጠል ወይም ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርሰው ይኸው ጎረቤት ነው። በመከር ወራት እንቅልፍና ምግብ የሚረሳ ሰውም ቢያንስ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በጁምዓ ወይም በሰንበት፣ ስልኩን ዘግቶ ከልጆቹ ጋር ይዋል።

የበጀት ዓመቱ በሚጀምርበት በሐምሌ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ከትዳር ጓደኛዎ ጋር ተቀምጠው ያለፈውን ዓመት ደብተር ገጽ በገጽ ያንብቡ። ከተጻፈው ውጭ የወጣው ብር የት እንደገባ፣ ያልተመለሰው ዱቤ የማን እንደሆነ፣ የተለየው የቤት ገንዘብ እስከ መስከረም ይደርስ እንደሆነ ይመልከቱ። ያልጠበቁትን መርሕ ከነምክንያቱ በአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉት፤ ከዚያም የሚቀጥለውን መከር ወጪ መዘርዘር ይጀምሩ።