ያገለገለ ፒካፕ ሲገዛ ምርመራው ከኋላ ይጀምራል

ያገለገለ ፒካፕ ሊያይ የሄደ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስከፍተው ኮፈኑን ነው። ደላላውም ይህን ስለሚያውቅ ሞተሩን አሳጥቦና አንፀባርቆ ይጠብቃል። «ሞተሩ አልተከፈተም፣ ኮሽ አይልም» ይላል። እኔ ኮፈኑን የማስከፍተው መጨረሻ ላይ ነው። የደከመ ሞተር ይጠገናል፣ ካልሆነም ሌላ ይገዛለታል። ከጭነት ብዛት የጎበጠ ሻንሲ (መኪናው ሁሉ የተቀመጠበት ዋና ብረት) ግን ጎማ ሲበላ፣ ፍሬን ሲያዛባና ጋራዥ ሲያመላልስ ይኖራል።

ሥራዬ ወተት ማመላለስ ነው። ከጫንጮና ከሱሉልታ ገበሬዎች ሰብስቤ በእንጦጦ አዲሱ ገበያ እወርድና ለካፌዎች አደርሳለሁ። አንድ ሊትር ወተት ከአንድ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፤ ባለ 50 ሊትር ቢዶን አሥራ አምስት ሲደረደር ከነዕቃው ከ800 ኪሎ ያልፋል። ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ የሚሸከመው አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ደብል ጋቢናው ከዚያ ያንሳል። ይህን የምለው ወደኔ ሥራ ለመሳብ አይደለም። አንድ ቶን ማለት አሥር ኩንታል ሲሚንቶ መሆኑን ልብ እንድትሉ ነው። በሱሉልታም ሆነ በለገጣፎ፣ ቤት በሚሠራበት ሰፈር ሁሉ፣ አሥራ አምስት ኩንታል ተጭኖበት አፍንጫው ወደ ሰማይ የተሰቀለ ፒካፕ ያላየ የለም። ያ መኪና አንድ ቀን ታጥቦ ገበያ ይወጣል።

ስለዚህ መኪናውን ባዶውን፣ ሜዳ ላይ አስቁሙት። ከጎኑ ራቅ ብላችሁ በጋቢናውና በካሶኒው (በጭነት ሳጥኑ) መካከል ያለችውን ክፍተት ተመልከቱ። ከላይም ከታችም እኩል መሆን አለባት። በአንድ በኩል ሰፍታ በሌላው ከጠበበች ወይ ሻንሲው ጎብጧል፣ ወይ ካሶኒው ተነቅሎ በደንብ አልተመለሰም። ሁለቱም «ለምን?» ያስብላሉ። ቀጥሎ ካርቶን አንጥፉና የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ሥር ግቡ። (ሴት ሥር ስትገባ ደላላው ይደነግጣል። ይደንግጥ።) ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ ብረት) ከሻንሲው ጋር የሚታሰርባቸውን ቦታዎችና ከጋቢናው ኋላ ያለውን ክፍል በጣታችሁ ጭምር ዳብሱ። የብየዳ ጠባሳ፣ በኋላ የተለጠፈ ብረት፣ ከቦልት ቀዳዳ የሚነሳ ቀጭን ስንጥቅ ይፈለጋል። ሌላው ሁሉ አቧራና ጭቃ ሆኖ ሳለ አንድ ቦታ ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም ከተቀባ፣ ቀለሙ የሚሸፍነው ነገር አለ ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለውን መኪና ዋጋ ቢቀነስልኝም አልገዛም።

ባሌስትራውን ቁጠሩ። በግራና በቀኝ እኩል መሆኑን፣ የተደረበ መኖሩን እዩ። ባሌስትራ ማስደረብ በኛ አካባቢ እንደ ደግ ነገር ይቆጠራል፤ ሻጩም «አስጠንክሬዋለሁ» ብሎ ይኮራበታል። መዘዙ ያለው ግን ፍሬኑ ላይ ነው። በብዙ ሃይሉክሶች ከኋላ አክሰሉ በዘንግ የተያያዘች የፍሬን ቫልቭ አለች። ጭነት ሲበዛ ጀርባው ዝቅ ይላል፣ ዘንጓ ትንቀሳቀሳለች፣ ቫልቯም ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ኃይል ትለቃለች። ባዶ ሲሆን ደግሞ የኋላ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ኃይሉን ትቀንሳለች። ባሌስትራ ተደርቦ ጀርባው ከፍ ሲል ቫልቯ መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ ሳለ እንኳ ባዶ ይመስላታል። የኋላ ፍሬኑ ይለግማል፣ ሸክሙ ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል። ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የተደረበበት መኪና ከገዛችሁ ዘንጓ እንደ አዲሱ ከፍታ መስተካከሏን መካኒኩን ጠይቁት። ጭራሽ ፈትተው የጣሏትም አሉ።

ከዚያ ተነስታችሁ ንዱት፤ ሞተሩ በብርድ ሲነሳ የሚታየውን ከታች እነግራችኋለሁ። በዝግታ እየሄዳችሁ ከአንደኛ ማርሽ ወደ ሁለተኛ ስትቀይሩ፣ ከቆማችሁም በኋላ ወደ ኋላ ማርሽ ስታስገቡ ከሥር «ደግ» የሚል ድምፅ ካለ ክሮቸራው (የማስተላለፊያ ዘንጉ መገጣጠሚያ) ወይም ዲፈረንሻሉ (የኋላ አክሰሉ ጥርሳጥርስ) ተበልቷል። ክሮቸራ ቀላል ነው፤ ዲፈረንሻል ከሆነ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ፍጥነት ሲጨምር የሚያድግ የማያቋርጥ ጉምጉምታ ብዙ ጊዜ የጎማ ኩሽኔታ ነው። አራቱንም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ጭቃ ወይም ኮረት ላይ አስገብታችሁ ሞክሩት፤ ለዓመታት ያልተነካ ማርሽ ሲገባ ያንገራግራል፣ ከገባም በኋላ አልወጣ ይላል።

አሁን ኮፈኑ ይከፈት።

ከሻጩ ጋር ስትቀጣጠሩ «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ፣ ከሁሉ በፊት፣ ኮፈኑን ሳታስከፍቱ ከላይ በእጃችሁ ንኩት፤ ሞቅ ካለ ሌላ ቀን ተመለሱ። የናፍጣ ሞተር ጉዱን የሚያወጣው በብርድ ነው፣ የሱሉልታ ማለዳ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ነጭ ጭስ ቢያወጣ አያስደነግጥም። እየቆየ ካልጠፋ ካንዴላውን (ማሞቂያውን)፣ ኢንጀክተሩን (ናፍጣ የሚረጨውን) ወይም የሞተሩን አየር የማመቅ አቅም ጠርጥሩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። ስለ ጥቁሩ ጭስ ግን ከመፍረዳችሁ በፊት የሞተሩን ዓይነት እወቁ። ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። እንደ 3ኤል እና 5ኤል ያሉት ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ) የሌላቸው የድሮ የሃይሉክስ ሞተሮች ዳገት ላይ ትንሽ ቢያጠቁሩ አየር አጥሯቸው ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር እንደዚያ ካጠቆረ ግን ወይ አየር ማጣሪያው ታፍኗል፣ ወይ ቱርቦው ወይም ኢንጀክተሩ ታሟል።

በኛ መንገድ በብዛት የምታዩት ቪጎ የሚባለው ሃይሉክስ ነው፤ 2.5 ሊትሩ 2ኬዲ፣ 3 ሊትሩ 1ኬዲ ሞተር አለው። ጠንካራ ናቸው፣ ግን የታወቀ ድክመት አለባቸው። ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስትለቅ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ጥቀርሻ ያበዛል፣ ጥቀርሻው ሞተሩ ዘይት የሚስብበትን ወንፊት ይደፍናል። የዘይት መብራቱ ሲበራ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ደርሷል። ስለዚህ ሞተሩ ሥራ ላይ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና ጭስ ቱግ ቱግ እያለ የሚወጣ መሆኑን እዩ። የኢንጀክተሩን መበላት ለማወቅ ከእሱ የሚመለሰውን ናፍጣ የሚለካ ጋራዥ ካገኛችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ከፍላችሁ አስለኩት።

እነዚሁ ሞተሮች የታይሚንግ ቺንጊያ (የቫልቭና የፒስተንን እንቅስቃሴ የሚያናብብ ቀበቶ) አላቸው፤ በ150,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ወደ ኋላ የሚመለስ ቁጥር ነው። 120,000 እያለ የፍሬን መርገጫው ጎማ ከተላጠ፣ መሪው ከለሰለሰና የሹፌሩ መቀመጫ ጠርዝ ከተቀደደ ቁጥሩን አትመኑ። ለማንኛውም በገዛችሁ ሳምንት ቺንጊያውን ከነመወጠሪያው ቀይሩ፤ እየሠራ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣው ሬቮ አዲሱ ጂዲ ሞተር ካለው በቺንጊያ ፈንታ ካቴና (ሰንሰለት) ስላለው ይህ አያሳስበውም። የኢሱዙ ዲማክስ 3 ሊትሩ 4ጄጄ1ም ካቴና ነው።

የውሃው ጉዳይ በኛ ከፍታ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ራዲያተር ከዚያ በላይ የሚታገሠው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ጎሚኒው የደረቀ ክዳን ያለው መኪና ዳገት ላይ ውሃ ይተፋል፣ ባለቤቱም ጤነኛ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ያስወርዳል። መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሩ፤ ርካሽ ነው። ሲገዛም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ክፈቱ፤ ዘይት የሚንሳፈፍበት ወይም ዝገት የመሰለ ውሃ ካለ የተበላሸ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ወይም የቆየ ቸልተኝነት ነው።

ሌላው ልማድ ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚያግደውን) አውጥቶ መጣል ነው። መኪና ሲሞቅ ብዙ ጋራዥ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የኔ መካኒክ፣ ጋሼ የምለው ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ይሄኮ ትኩሳቱን ሳያክሙ ብርድ ልብሱን መግፈፍ ነው» ይላል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በኛ ብርድ የሚገባውን ሙቀት አያገኝም፤ ናፍጣ ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ስትፈትኑ የሙቀት መለኪያው ቀስ ብሎ ወጥቶ ከመካከል ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ግማሽ ሰዓት ተነድቶ ከሥር ካልተነሳ ቴርሞስታቱ የለም፣ ወይም ክፍቱን ቀርቷል።

ወረቀቱን በአጭሩ፦ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር ይመሳከር፤ ሃይሉክስ ላይ የሻንሲው ቁጥር ከፊት ቀኝ ጎማ አካባቢ ተቀርጿል። የባንክ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። በውክልና ላይ ውክልና የሚሸጥ መኪና ላይ ጊዜ አታባክኑ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ በ2012 ዓ.ም ከወጣ ወዲህ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት እጅግ ስለተወደደ፣ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ፒካፕ እዚሁ አገር የኖረ ነው። ይህ ለገዢ ይጠቅማል፤ የት እንደሠራ መጠየቅ ይቻላል። ከድርጅት በጨረታ የወጣና የጥገና መዝገብ ያለው፣ ቀለሙ ቢለቅም፣ ለኔ ከነጋዴ ቀብራራ መኪና ይሻላል።

ከተገዛ በኋላ ዘይትና ፊልትሮ በ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር። ግራሶ የሚሞላባቸው ቦታዎች በየዘይት ቅያሪው፣ ወንዝ ከተሻገራችሁ ደግሞ ወዲያው ይሞሉ። የአየር ማጣሪያውን ስታስነፉ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን፤ ከውጭ ከተነፋ አቧራው ወደ ውስጥ ይቀበራል። የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያጠራቀመውን ውሃ የሚያፈስ ቡሎን አለው፤ በክረምት ቶሎ ቶሎ አፍስሱት። ነዳጅ ሲጠፋ መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውን ግን ወረፋው ቢረዝም እንኳ እለፉት። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ማለስለሻ ስለሚያጣ የኬዲ ሞተሮችን ፖምፓና ኢንጀክተር ይፍቃል። የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ በሁለት ዓመት አንዴ ይለወጥ። ቁልቁለት ስትወርዱ በዳገቱ የወጣችሁበትን ማርሽ ያዙ፤ ፍሬኑ ለማቆሚያ ይቅር።

ዕቃ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። «የቪጎ ነው» ማለት አይበቃም፤ የ2ኬዲና የ1ኬዲ ዕቃ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ክብደቱን በእጃችሁ መዝኑ፣ የተቀረጸውን ቁጥር አመሳክሩ፤ ፊልትሮ ከሆነ ደግሞ በቀዳዳው ወደ ውስጥ አይታችሁ የወረቀቱን እጥፋት ብዛት ተመልከቱ። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዓይነትና «ካልገጠመ ይመለሳል» የሚለው ይጻፍ። ከተቻለም መካኒኩ እስኪገጥመው ድረስ አሮጌውን አትጣሉት።