ፓይተን ሼል ውስጥ ግራ ሲገባችሁ

የፓይተን ሼል፣ ማለትም የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ትእዛዞችን እየጻፍን ወዲያው ውጤት የምናይበት መስኮት፣ ሲከፈት ሦስቱ ቀስቶች (>>>) እንደመጡ መጀመሪያ የምጽፈው ዲርን ከነቅንፉ፣ dir()፣ ነው። ቅንፉ ውስጥ ባዶ ጥቅስ ('') አስገብታችሁ ኢንተር በሉ፤ ጽሑፍ ላይ የሚሠሩት ትእዛዞች ይዘረዘራሉ። በሁለት የስር ሰረዝ (__) የሚጀምሩትን ለጊዜው እለፏቸው። ስፕሊት (split) የሚለው ምን እንደሚሠራ ካላወቃችሁ ሄልፕ ብላችሁ ቅንፉ ውስጥ ኤስቲአር፣ ነጥብ፣ ስፕሊት ጻፉ፦ help(str.split)። ማብራሪያው ስክሪኑን ይዞ አልለቅ ካለ ኪው (q) የምትለዋን ፊደል ተጫኑ። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንቴ መስኮቱን እንዳለ ዘግቼዋለሁ!

በጣም የምወዳት ግን ብቻዋን የቆመችውን የስር ሰረዝ ነው፤ የመጨረሻውን ውጤት ትይዛለች። 17 * 23 ብላችሁ 391 ከመጣ፣ _ + 9 ስትሉ 400 ይሰጣችኋል።

ከሼሉ መውጫው ኤግዚት ከነቅንፉ፣ exit()፣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው የፓይተን 3.13 እትም ወዲህ ያለ ቅንፍም ይሠራል።