በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልጆችን ከመጠን ያለፈ ውፍረት የሚከላከል የጤና መርሐ ግብር እንዴት ይዘጋጃል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 19 ዓመት ከነበሩ ልጆችና ወጣቶች ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የነበረው 8 በመቶ ያህሉ ነበሩ። በ2022 ቁጥሩ ወደ 20 በመቶ ያደገ ሲሆን፣ ይህም ከ390 ሚሊዮን በላይ ልጆችና ወጣቶች ማለት ነው፤ ከእነርሱም 160 ሚሊዮኑ ከመጠን ያለፈ ውፍረት አለባቸው። በዚህ አጭር ጊዜ የልጆች ተፈጥሮ ሊለወጥ አይችልም። የተለወጠው ውሏቸው ነው፤ ጣፋጭ መጠጥ በየቦታው ተገኘ፣ የታሸገ መክሰስ ረከሰ፣ ስክሪን ፊት መቀመጥ በዛ፣ እንቅልፍም አጠረ። ስለዚህ ትምህርት ቤት መከላከልን ሲያስብ ዓይኑን መጣል ያለበት ልጆች ሁሉ በሚያልፉበት የትምህርት ቀን ላይ ነው፤ ወፍራሞቹን ልጆች ለይቶ የሚያሳድድ መርሐ ግብር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ አንድ ሳምንት መታዘብ

ሥራውን የሚመራ አነስተኛ ቡድን ይቋቋም። በቡድኑ ውስጥ ርዕሰ መምህሩ፣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ፣ ከታችኛው ክፍል አንድ መምህር፣ ምግብ የሚያዘጋጀው ወይም የሚሸጠው ሰው፣ ቢያንስ ሁለት ወላጆችና የሚገኝ ከሆነ አንድ የጤና ባለሙያ ይካተቱ። ርዕሰ መምህሩ በውክልና ሳይሆን በአካል መገኘት አለበት፤ የክፍለ ጊዜ ድልድል ሊለውጥና ከሻጭ ጋር ውል ሊያስተካክል የሚችለው እርሱ ነውና። ቡድኑ ፖስተር ከመለጠፉ በፊት አንድ ሙሉ ሳምንት ማስታወሻ ደብተር ይዞ ይታዘብ። ልጆች በር ላይ ምን ይገዛሉ? በምሳ ዕቃቸው ውስጥ ምን አለ? ምን ያህሉ ሳይበላ ይመለሳል? ስንት ደቂቃ ይሮጣሉ? ውኃ የት ይጠጣሉ? ከዚህ ሳምንት የሚገኘው መረጃ በኋላ ለውጡን ለመለካትም መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

በውኃ መጀመር

ወጪው ትንሽ፣ ተቃዋሚውም ጥቂት በመሆኑ የመጀመሪያው እርምጃ ውኃ ቢሆን ይመረጣል። በጀርመን በዶርትሙንድና በኤሰን ከተሞች በ32 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ የመጠጥ ውኃ መቅጃ በተተከለላቸው፣ ኮዳ በተሰጣቸውና ስለ ውኃ ጥቂት ክፍለ ጊዜ በተማሩ ልጆች ዘንድ፣ ከአንድ የትምህርት ዓመት በኋላ ከሚገባው በላይ የመወፈር አጋጣሚ ከሌሎቹ በ31 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ሆኖም ቧንቧ መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም። አርባ ልጆች ለአንድ ቧንቧ ተሰልፈው እያንዳንዳቸው 20 ሰከንድ ቢጠጡ፣ የመጨረሻው ልጅ ጠጥቶ የሚጨርሰው ከ13 ደቂቃ በኋላ ነው። እረፍቱ 10 ደቂቃ ከሆነ አሥሩ ልጆች ሳይጠጡ ወደ ክፍል ይመለሳሉ፤ ከሠላሳዎቹም ብዙዎቹ ጨዋታ እንዳያመልጣቸው ሰልፉን ትተው ይሄዳሉ። መፍትሔው ልጆች ጠዋት ኮዳቸውን ሞልተው ጠረጴዛቸው ላይ እንዲያስቀምጡ መፍቀድና በትምህርት መካከልም ቢሆን እንዳይጠጡ አለመከልከል ነው። መጸዳጃ ቤቱንም መመልከት ያስፈልጋል። ንጽሕና የጎደለው ወይም ብዙ ጊዜ የሚቆለፍ ከሆነ ልጆች፣ በተለይም ሴቶች ልጆች፣ እንዳይሸናቸው ብለው ውኃ መጠጣት ይተዋሉ፤ ይህን ለአዋቂ አይናገሩትም።

ውኃው ከተስተካከለ በኋላ ጣፋጭ መጠጥ ከግቢው ይውጣ። ለልጆች ለማስረዳት ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ፣ ስኳርና የሻይ ማንኪያ ይበቃሉ። በአንድ 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 35 ግራም ገደማ ስኳር ይገኛል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስለሚይዝ፣ ይህ ወደ 9 ማንኪያ ይጠጋል። አንድ ልጅ ወጥቶ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ማንኪያ በማንኪያ ይጨምር፣ ክፍሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቁጠር። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብ ላይ ከሚጨመር ስኳር፣ ከማርና ከጭማቂ የሚገኘው ጉልበት ከቀኑ ጠቅላላ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻልም ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። በቀን 1600 ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ልጅ 10 በመቶው 40 ግራም ስለሆነ፣ አንዲት ጠርሙስ የቀኑን ድርሻ ልትጨርስ ምንም አይቀራትም። መምህሩ የራሱን ለስላሳ በልጆች ፊት የሚጠጣ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ትምህርት ከንቱ ይሆናል።

ምግቡ፣ ሻጩና የምሳው ሰዓት

በግቢው ውስጥ የሚሸጠውን ለማስተካከል በጽሑፍ የሰፈረ ውል ያስፈልጋል፤ የቃል ስምምነት ርዕሰ መምህሩ በተቀየረ ማግሥት ይረሳል። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ስኳር፣ ጨው፣ የረጋ ስብ ወይም ካሎሪ በዝቶባቸዋል ተብለው ጥቁር ምልክት የተለጠፈባቸው ምግቦች በትምህርት ቤት እንዳይሸጡ ከልክላለች። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገርም ትምህርት ቤቱ የሚፈቀዱትን ዘርዝሮ ከውሉ ጋር ማያያዝ ይችላል። ትምህርት ቤቱ ከሽያጩ ገቢ የሚያገኝ ከሆነ ጉዳዩ በግልጽ ይነሣ፤ የገቢው ነገር ተሸፋፍኖ ከታለፈ ክልከላው ብዙም አይቆይም።

ስለ ምሳው ሰዓት ሁለት ነገሮችን አጥብቄ እመክራለሁ። ልጆች በመጀመሪያ ይጫወቱ፣ ከዚያም ይብሉ። ምሳ ከቀደመ፣ ሜዳው የጠራው ልጅ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ አትክልቱን ትቶ ይሮጣል፤ ተጫውቶ፣ ርቦትና እጁን ታጥቦ የተቀመጠ ልጅ ግን ተረጋግቶ ይበላል። ሁለተኛው፣ ተቀምጠው የሚበሉበት ጊዜ ከ20 ደቂቃ አይነስ፤ ይህም በሰልፍ የሚያልፈውን ጊዜ ሳይጨምር ነው።

ልጆች አዲስ አትክልትን በመጀመሪያው ቀን ቢገፉት ተስፋ መቁረጥ አይገባም። አንድን ጣዕም እስኪለምዱት ድረስ ስምንት፣ አሥር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቅመስ ሊያስፈልጋቸው ይችላል፤ ጥቂት ተሰጥቷቸው፣ ሳይገደዱ፣ በተለያየ ቀን ይቅመሱ። ፍራፍሬ ለታችኛው ክፍል ልጆች ተቆርጦ ይቅረብ። የፊት ጥርሱ የወለቀ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ሙሉ ፖም መግመጥ አይችልም፤ አልበላም ሲል መራጭ ይመስለናል እንጂ ችግሩ ጥርሱ ነው።

ሽልማትና ቅጣት

ይህ ክፍል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሆኖም በብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘነጋ ይታያል። ጥያቄ የመለሰ ልጅ ከረሜላ ከተሰጠው፣ ጣፋጭ የብልህ ልጅ ዋጋ እንደሆነ ይማራል፤ ሳይርበው መብላትንም ይለምዳል። በምትኩ የክፍሉን ጨዋታ እንዲመርጥ፣ ታሪክ እንዲያነብ ወይም ሰልፉን እንዲመራ ይደረግ።

ቅጣትም እንዲሁ ነው። የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ በእረፍት ሰዓት ክፍል እንዲቀር ማድረግ በብዛት የተለመደ ቢሆንም፣ እረፍቱን ደጋግሞ የሚያጣው እረፍ የለሹ፣ ማለትም ከሁሉ ይልቅ መሮጥ የሚያስፈልገው ልጅ ነው። ሜዳ ዙሪያ በማስሮጥ መቅጣትም ሩጫን ከውርደት ጋር ያቆራኘዋል። ሁለቱም በትምህርት ቤቱ መተዳደሪያ ደንብ ተለይተው ይከልከሉ።

እንቅስቃሴ

ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከበድ ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ይመክራል። ከዚህ ቢያንስ ግማሹ በትምህርት ቤት ሊገኝ ይገባል። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ምን ያህል እንደሚያግዝ ለማወቅ አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ አንድ ልጅ ይመረጥና በእውነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ብቻ በሰዓት ይመዝገብ። ኳሱን የያዘው ፈጣኑ ልጅ ሳይሆን ጥግ የቆመችው ልጅ ትመረጥ። አርባ ልጆች አንድ ኳስ በሚጠብቁበት ክፍል፣ ከ40 ደቂቃው ውስጥ አምስቱን እንኳ ተንቀሳቅሳ ላትገኝ ትችላለች። ዓላማው ከክፍለ ጊዜው ቢያንስ ግማሹ በእንቅስቃሴ እንዲያልፍ ነው። ለዚህም ክፍሉን በአራትና በአምስት ልጆች ቡድን መከፋፈል፣ የተሸነፈን ከጨዋታ የሚያስወጡ ጨዋታዎችን መተው፣ መመሪያውንም በአጭሩ መስጠት ያግዛል። የተሸነፈ የሚወጣበት ጨዋታ አስቀድሞ የሚያስቀምጠው ዘገምተኛውን ልጅ ነው።

በስኮትላንድ ስተርሊንግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 አንዲት ርዕሰ መምህርት ልጆቹን በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ከክፍል አውጥታ እንዲሮጡ ወይም እንዲራመዱ አደረገች፤ ልማዱም ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፋ። ያስፋፋው ቀላልነቱ ነው፤ የስፖርት ልብስ፣ ዕቃና ውድድር አይጠይቅም፣ እያንዳንዱም ልጅ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። አስም፣ የልብ ሕመም ወይም ሌላ የጤና ችግር ያለበት ልጅ ካለ አስቀድሞ ወላጁንና ሐኪሙን ማማከር ያስፈልጋል።

ስለ ክብደት ሲነሣ

በትልልቅ ሰዎች ላይ የሚሠራው የክብደትና የቁመት ምጣኔ ወሰን በልጆች ላይ እንዳለ አይሠራም። የልጅ ምጣኔ የሚነበበው ከዕድሜውና ከጾታው ጋር ተያይዞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ዓይነት የዕድገት ሰንጠረዥ ላይ ነው። ስለዚህ በዓይን ገምቶ መፈረጅ ስሕተት ነው። መለካት ካስፈለገ ልጁ ለብቻው፣ በሠለጠነ ሰው፣ ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ሳይነበብ ይለካ። በካሊፎርኒያ በ79 ትምህርት ቤቶች የተካሄደ ጥናት የልጆችን ምጣኔ ለወላጆች በደብዳቤ መላክ ክብደታቸውን እንዳላሻሻለ፣ በትምህርት ቤት መመዘንም ልጆች ስለ ክብደታቸው ያላቸውን ስሜት እንዳባባሰ አመልክቷል። ድጋፍ የሚያደርግ ጤና ጣቢያ ሳይኖር በጅምላ መመዘን ለእኔ ትርጉም የለውም።

ልጅን ትምህርት ቤት ምግብ አያስቀንሰው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ክብደቱ ባለበት ቆይቶ ቁመቱ ሲጨምር ምጣኔው በራሱ ሊስተካከል ይችላል፤ ከዚህ ያለፈውን የሚወስነው ሐኪም ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ወፍራምና በምግብ እጥረት የቀጨጨ ልጅ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ስለሚችሉም፣ «ትንሽ ብሉ» የሚል መልእክት ለማንም አይተላለፍ። በሰውነት ቅርጽ የሚሰጥ ቅጽል ስም እንደ ድብደባ ሁሉ በመተዳደሪያ ደንቡ ይከልከል፤ መምህራንም በፍቅር ቢሆን እንኳ «ድብልብሏ» ማለትን ይተዉ። የተሳቀበት ልጅ ሜዳ ላይ መውጣት ያቆማል።

ከወላጆች ጋር

ትምህርት ቤት ብቻውን ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል መረዳት ይገባል። በእንግሊዝ ዌስት ሚድላንድስ በ54 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሞከረና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአንድ ዓመት መርሐ ግብር በልጆቹ ክብደት ላይ ጉልህ ለውጥ አላመጣም። ልጁ ጠዋትና ማታ፣ ቅዳሜና እሑድ የሚውለው ከትምህርት ቤት ውጭ ነው። ስለዚህ ወላጆች ሲጠሩ በጥፋተኝነት ስሜት እንዲሸማቀቁ ሳይሆን አንድ ሊደረግ የሚችል ነገር ይዘው እንዲመለሱ ይሁን፤ በኮዳ ውኃ ብቻ መላክ፣ ወይም ስክሪን ከመኝታ ክፍል ማውጣት። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል፤ የእንቅልፍ እጦት ከውፍረት ጋር እንደሚያያዝ ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ። ትምህርት ቤቱም በበኩሉ ልጁን እስከ እኩለ ሌሊት የሚያስመሽ የቤት ሥራ እንዳይሰጥ ይጠንቀቅ።

ዓመቱ ሲያልቅ

ቡድኑ በመጀመሪያው ሳምንት የያዘውን ደብተር ከፍቶ ያንኑ ትዝብት በዚያው አኳኋን ይድገም። የሚሠሩት ቧንቧዎች ስንት ሆኑ? ጣፋጭ መጠጥ ይዞ የሚመጣው ልጅ ቀነሰ? ጥግ ትቆም የነበረችው ልጅ አሁን ስንት ደቂቃ ትንቀሳቀሳለች? በአንድ ዓመት የኪሎ ለውጥ መጠበቅ ሠራተኛውን ተስፋ ያስቆርጣል፤ እነዚህ ግን በዓይን የሚታዩ ናቸው። የሠራው በክፍለ ጊዜ ድልድሉና በሻጩ ውል ውስጥ ይጻፍ፣ ያልሠራው ይተው፣ ለአዳዲስ መምህራንም ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ይነገራቸው።