የከተማ መልሶ ማልማት ሲገመግሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለምክር ቤት አባል የሚቀርብ የመልሶ ማልማት ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለተሠራው ነው፦ ስንት ሜትር መንገድ ተነጠፈ፣ ስንት ሕንጻ ቆመ፣ ከበጀቱ ስንት በመቶው ወጣ። መራጩ የሚፈልገው ግን ሥራው ምን እንደለወጠ ጠይቀው እንዲነግሩት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ሁለቱን ከማምታታት ነው።

መነሻ መረጃ ሳይያዝ በጀት ማጽደቅ

ዶዘር ከገባ በኋላ የድሮውን ሁኔታ መለካት አይቻልም። ስለዚህ እጅዎን ከማውጣትዎ በፊት አራት ቁጥሮች ይጠይቁ፦ ክፍትና ዝግ የሆኑ ንግድ ቤቶች ብዛት፣ የእግረኛ ፍሰት፣ የሱቅ ኪራይ በካሬ ሜትር፣ በአካባቢው የሚሠራው ሰው ብዛት። ፕሮጀክቱ የማይነካው ተመሳሳይ ሰፈር ይመረጥና እዚያም ይኸው ይለካ። በከተማው ሁሉ ንግድ ከተነቃቃ፣ ፕሮጀክቱ በራሱ ያመጣው ለውጥ የሚታየው በሁለቱ ሰፈሮች ልዩነት ነው።

በአስጎብኚ ብቻ መጎብኘት

ቀኑ አስቀድሞ ለታወቀ የመስክ ምልከታ መንገዱ ተጠርጎ ይቆያል። ከቋሚ ኮሚቴው ጋር ከሄዱበት ሌላ ብቻዎን ሁለት ጊዜ ይመለሱ፤ አንዱን በሥራ ቀን ጠዋት፣ ሌላውን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። አንድ ጥግ ላይ ቆመው ከእግረኛ መንገዱ አንድ ምልክት ይያዙ፤ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያልፈውን ሰው ለ15 ደቂቃ ቆጥረው በ4 ቢያባዙት የሰዓቱን ግምት ያገኛሉ። ወደ ሱቅ የሚገባውን ለብቻ ይመዝግቡ፤ ሰው እየጎረፈበት ገበያ የሌለው መንገድ አለና። ከዚያ ቀና ብለው ፎቆቹን ይዩ። ምድር ቤቱ ደምቆ የላይኛዎቹ ፎቆች መጋረጃም መብራትም ከሌላቸው፣ «ተከራይቷል» የተባለው ሕንጻ ገና አልተከራየም ማለት ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ከሄዱ ደግሞ ውሃው የት እንደሚቋጥርና የትኛው ንጣፍ እንደሰመጠ ማንም ሳይነግርዎት ያገኙታል።

የሥራ ዕድል ቁጥርን እንዳለ መቀበል

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ቀጣዩ በጀት የሚጸድቀው በዚህ ቁጥር ተመክቶ ነውና። 120 ሚሊዮን ወጥቶ 200 ቋሚ ሥራ ተፈጠረ ተባለ እንበል። 70ው ሠራተኞች ቀድሞም በጎረቤት መንገድ ይሠሩ የነበሩና ሱቃቸው ሲዛወር አብረው የመጡ ከሆኑ፣ ሥራው ቦታ ለወጠ እንጂ አልተፈጠረም፤ 130 ቀረ። 40ውን የቀጠረው ድርጅት ፕሮጀክቱ ባይኖርም እዚያው ሊከፍት የተዘጋጀ ከሆነ 90 ይቀራል። ከእነዚህ 30ውን ከሌላ ከተማ የሚመላለሱ ሰዎች ከያዙት ለነዋሪው የደረሰው 60 ነው። በሪፖርቱ ስሌት አንድ ሥራ የፈጀው 600 ሺህ ሲሆን፣ ተጣርቶ ሲሰላ 2 ሚሊዮን ይደርሳል። ይህን ለማጣራት የተቀጣሪዎቹን ዝርዝር ከቀድሞ የሥራ ቦታቸውና ከመኖሪያ ከተማቸው ጋር ይጠይቁ።

በግንባታው ላይ የሠሩት ከቋሚዎቹ ጋር አይደመሩ። 120 ሰው ለ6 ወር ሲሠራ የአንድ ሰው የ60 ዓመት ሥራ ያህል ነው፤ 120 ቋሚ ሥራ አይደለም።

የሌላ ከተማን ሕንጻ መቅዳት

የስፔኗ ቢልባኦ እ.ኤ.አ. በ1997 የጉገንሃይም ሙዚየምን ስትከፍት ስሟ በዓለም ናኘ፤ ብዙ ከተሞችም አንድ ዝነኛ ሕንጻ ይበቃል ብለው ተከተሏት። ቢልባኦ ግን በ1995 የምድር ውስጥ ባቡር ከፍታ፣ ወንዟን ለዓመታት ስታጸዳ የቆየች ከተማ ነበረች። ሕንጻው ብቻውን ቢቀዳ ጎብኚውን የሚያመጣው ትራንስፖርትና የሚያቆየው አካባቢ አብሮ አይመጣም።

የግንባታ ዋጋን ሙሉ ወጪ አድርጎ መያዝ

የሲድኒ ኦፔራ ሃውስ በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እ.ኤ.አ. በ1963 እንዲያልቅ ታቅዶ በ102 ሚሊዮን በ1973 አለቀ። ስለዚህ ከዋናው ግምት ጎን «ዋጋው በግማሽ ቢጨምር፣ ሥራውም 2 ዓመት ቢዘገይ ይህ ፕሮጀክት ያዋጣል ወይ?» የሚለው ስሌት ይቅረብልዎ። ጥገናውም አይረሳ። ለሕዝብ ሕንጻ በየዓመቱ የመተኪያ ዋጋውን (ሕንጻውን እንደገና ለመሥራት የሚፈጀውን ገንዘብ) ከ2 እስከ 4 በመቶ ለጥገና መያዝ የተለመደ መመሪያ ነው። የ100 ሚሊዮን ሕንጻ እንግዲህ በ30 ዓመት ውስጥ፣ የዋጋ ንረት ሳይታሰብ፣ ከ60 እስከ 120 ሚሊዮን ይፈልጋል። ገንዘቡ ከየትኛው የበጀት መደብ እንደሚወጣ ካልተጻፈ ፏፏቴው ይደርቃል፣ መብራቱም አንድ በአንድ ይጠፋል።

ማን እንደተጠቀመ አለመጠየቅ

የመሬትና የኪራይ ዋጋ መጨመር በሪፖርት ላይ እንደ ስኬት ይጻፋል። ለባለንብረቱ ስኬት ነው፤ ለ20 ዓመት እዚያው ጫማ ሲጠግን ለኖረው ተከራይ ግን የመልቀቂያ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ከግንባታው በፊት የነበሩት ተከራዮች ዝርዝር ይያዝ፤ ስንቶቹ ተመለሱ፣ ስንቶቹ ሌላ ቦታ ቀጠሉ፣ ስንቶቹ ሥራ አቆሙ የሚለው በቁጥር ይቅረብ። አማካይ ገቢ ጨመረ የሚል መረጃ ይህን አይመልስም፤ ድሃው ወጥቶ ሀብታም ሲገባም አማካዩ ይጨምራልና።

ግምገማን ከምረቃ ጋር መዝጋት

በምረቃ ማግስት የሚታየው ግርግር ለጥቂት ወራት ነው፤ የመጀመሪያው የኪራይ ውል የሚታደስበት ጊዜ ግን እውነቱን ያወጣዋል። ባለሀብቱ በግብር እፎይታ ወይም በርካሽ መሬት ገብቶ ከሆነ፣ ቃል የገባውን ሥራ ካልፈጠረ ድጋፉን የሚመልስበት አንቀጽ በውሉ ውስጥ ይኑር። የ1፣ የ3 እና የ5 ዓመት ግምገማ ቀኖች፣ የሚያካሂደው ክፍልና ለልኬቱ የተያዘው በጀት ፕሮጀክቱ በጸደቀበት ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈሩ። ያኔ የምክር ቤቱ አባላት ቢቀየሩም ተተኪዎቹ ያንኑ ጥግ ላይ ቆመው፣ በዚያው ቀንና ሰዓት ይቆጥራሉ።