«ኔት የለም» ሲባል፦ ተርሚናሉ ምን ይላል?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያሉ የጥቂት ሱቆችን ኮምፒውተር የማየው እኔ ነኝ። ሁለት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት፣ አንድ ፋርማሲ፣ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር። ማሽኖቹ ስላረጁ አብዛኞቹ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ሲስተም) ጭኛለሁ። ሲደወልልኝ ቃሉ ሁሌ አንድ ነው፦ «ኔት የለም»። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ በሽታው አራት አምስት ዓይነት ነው። ሰው ግን መድኃኒቱን አንድ አድርጎታል፤ ራውተሩን ነቅሎ መሰካት። አንዳንዴ ይሠራል። ለምን እንደሠራ ግን ማንም አያውቅም፣ ስለዚህ ነገም ይደወላል።

በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በሚተየብበት መስኮት፣ የሚገቡትን ትእዛዞች የምጽፋቸው አፍ ላይ እንዳሉት ነው። ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይሁን። «አይፒ ኤ» ስል አይ፣ ፒ፣ ክፍት ቦታ፣ ኤ ማለቴ ነው። አንድ ነገር የሚቀይር ትእዛዝ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከፊቱ «ሱዶ» (በአስተዳዳሪ ሥልጣን ፈጽም ማለት ነው) ይገባል። የሚያሳየው ግን ምንም አያበላሽም፣ ሳትፈሩ ደጋግማችሁ እዩ። ካርዶችን የሚያሳየውን የድሮውን «አይኤፍ ኮንፊግ» የለመዳችሁ ደግሞ፣ አዲሱ ኡቡንቱ ላይ አብሮ ስለማይመጣ አትደንግጡ።

መብራት ከመጣ ወዲህ ኔት የለም

እኛ ሰፈር የመጀመሪያው ስሞታ ይሄ ነው። መጀመሪያ «አይፒ ሊንክ» በሉ። የኔትወርክ ካርዶቹ ይዘረዘራሉ። «ኤልኦ» የሚለው ማሽኑ ከራሱ ጋር የሚያወራበት ነው፣ ተዉት። በ«ኢኤን» የሚጀምረው የገመዱ ነው፣ እኔ ጋ «ኢኤንፒ3ኤስ0» ይባላል። በ«ደብሊውኤል» የሚጀምረው ዋይፋይ ነው። ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ የታጠሩ ቃላት አሉ። ነገሩ ሁሉ እዚያ ነው ያለው።

«አፕ» የሚለው ቃል ቅንፉ ውስጥ ጭራሽ ከሌለ ካርዱ ተዘግቷል። «ሱዶ አይፒ ሊንክ ሴት ኢኤንፒ3ኤስ0 አፕ» ይከፍተዋል።

«ኖ ካሪየር» ካለ ግን ከወንበራችሁ ተነሱ። ካርዱ ክፍት ነው፤ በገመዱ ማዶ ግን የሚመልስለት የለም። ይህን የሚያድን ትእዛዝ የለም። ሰው ግማሽ ቀን ኪቦርድ ሲቀጠቅጥ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ስዊቹ፣ ገመዶቹ የሚሰኩበት ሳጥን፣ ኃይል አለው? መብራት ሲሄድና ሲመጣ የስዊች አዳፕተር ቶሎ ይቃጠላል። የገመዱ ጫፍ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ተሰብራለች? ገመዱ በር ሥር ተጨፍልቋል? አይጥስ? ስዊቹ ላይ ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ፣ ከዚያ ሌላ ገመድ።

አንድ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄጄ «ኖ ካሪየር» አገኘሁ። ከጠረጴዛው ሥር ገብቼ ገመዱን ስከተል የስዊቹ ሶኬት ተነቅሎ በቦታው የኤሌክትሪክ ምድጃ ተሰክቷል። ጀበና ተጥዶበታል።

«እትዬ፣ ይሄን ማን ነቀለው?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ብልጭ ድርግም የምትለዋን ነው? እሷ ደግሞ ምን ትሠራለች?»

ቡናው እስኪፈላ ጠበቅሁ። ሌላ ማከፋፈያ ገዛን፣ አለቀ።

ቅንፉ ውስጥ «ሎወር አፕ» ካያችሁ ገመዱ ሕይወት አለው። ያም ሆኖ ኔቱ ቀርፋፋ ከሆነ «ሱዶ ኢዝቱል ኢኤንፒ3ኤስ0» በሉና ፍጥነቱን በሜጋቢት እዩ («ኢዝቱል» ኢ፣ ቲ፣ ኤች፣ ቲ፣ ኦ፣ ኦ፣ ኤል ተብሎ ይተየባል)። ሁለቱም ወገን 1000 የሚችሉ ሆነው 100 ካሳየ አብዛኛውን ጊዜ ከገመዱ ስምንት ሽቦዎች አንዱ አልያዘም። 100 በአራት ሽቦ ይሄዳል፣ 1000 ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ጫፉን ቆርጦ እንደገና ክሪምፕ ማድረግ፣ ማለትም አዲስ ራስ በመቆንጠጫ መግጠም ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከብሎክ ብሎክ ገመድ የምትዘረጉ ደግሞ የመዳብ ገመድ ልኩ 100 ሜትር መሆኑን አትርሱ።

ገመዱ ደህና ነው፣ አድራሻ ግን የለም

«አይፒ ኤ» በሉ። በካርዱ ሥር «ኢኔት» ብሎ በ192.168 የሚጀምር ቁጥር መኖር አለበት። «ኢኔት6» ብቻ ካለ ራውተሩ አድራሻ አልሰጠም። ዊንዶውስ ላይ ያው ችግር በ169.254 በሚጀምር ቁጥር ይታወቃል። መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ይነሣና ራውተሩ ገና ሲያዛጋ አድራሻ ይጠይቃል፤ መልስ ያጣል። «ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ ኮኔክት ኢኤንፒ3ኤስ0» ብላችሁ እንደገና አስጠይቁት። ዴስክቶፕ የሌለው ሰርቨር ላይ «ሱዶ ኔትወርክሲቲኤል ሪኒው ኢኤንፒ3ኤስ0» ነው።

አድራሻው አለ፣ ግን የማታውቁት ዓይነት ነው? ሌላው ማሽን 192.168.1 ሲል ይሄኛው 192.168.0 ይላል? እንግዲያው ሰው ሁለተኛ ራውተር አምጥቶ ሰክቷል፣ እሱም አድራሻ ያድላል። የአንዱን ዲኤችሲፒ (አድራሻ የሚያድለውን አገልግሎት) ዝጉ።

አድራሻ በእጅ መስጠትም ይቻላል፦ «ሱዶ አይፒ ኤ አድ 192.168.1.50/24 ዴቭ ኢኤንፒ3ኤስ0»። ይሄ ግን ማሽኑ ጠፍቶ እስኪነሣ ብቻ ነው የሚቆየው። እኛ ሰፈር ደግሞ ያ ረጅም ዕድሜ አይደለም።

አድራሻም አለ፣ ፌስቡክ ግን አይከፍትም

አሁን «አይፒ አር»። «ዲፎልት ቪያ 192.168.1.1» የሚል መስመር ፈልጉ። ይህ መስመር የግቢው በር ነው። ከሌለ ማሽኑ በየት እንደሚወጣ አያውቅም። ሁለት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ግማሽ ቀን ይሠራል።

ፋርማሲው ውስጥ የሆነው ይኼው ነው። መስመሩ የቀዘቀዘ ቀን ልጁ ስልኩን በዩኤስቢ ሰክቶ ኢንተርኔቱን ያጋራል። ሥራው ያልቃል፣ ስልኩ ግን ቻርጅ ላይ ነው ተብሎ እዚያው ይቀራል። ማሽኑ ስልኩን እንደ ሌላ የገመድ ካርድ ነው የሚያየው። ሁለት «ዲፎልት» ይኖራሉ፣ ከእያንዳንዱ ጎን «ሜትሪክ» የሚል ቁጥር አለ፣ ትንሹ ያሸንፋል። ዴስክቶፕ ኡቡንቱ ለገመድ 100፣ ለዋይፋይ 600 ይሰጣል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ እስኪነሣ ስልኩ ቀድሞ 100ን ይይዛል። ከሰዓት በኋላ የስልኩ ጥቅል ያልቅና «ኔት የለም» ይባላል። ራውተሩ ምን አጠፋ?

ለጊዜው ስልኩን መንቀል ይበቃል። ለዘለቄታው ግን «ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን ሞዲፋይ» ብላችሁ፣ የስልኩን ኮኔክሽን ስም ጨምራችሁ፣ «አይፒቪ4 ነጥብ ራውት ሰረዝ ሜትሪክ» ጽፋችሁ 700 አድርጉት። ስልኩ ድጋሚ ሲገናኝ ከራውተሩ ኋላ ይሰለፋል።

በሩ አንድ ሆኖም ካልሠራ በ«ፒንግ»፣ አለህ ወይ ብሎ በሚጠይቀው ትእዛዝ፣ ደረጃ በደረጃ ሂዱ። መጀመሪያ ራውተሩን፣ ከዚያ 8.8.8.8ን (የጉግል ሰርቨር ነው)፣ ከዚያ የአንድ ድረ ገጽ ስም። ራውተሩ መልሶ 8.8.8.8 ዝም ካለ ችግሩ ከሱቁ ውጭ ነው። ለአቅራቢው የሚደወለው አሁን ነው፣ ከዚህ በፊት አይደለም። 8.8.8.8 መልሶ ስሙ እንቢ ካለ ችግሩ ዲኤንኤስ፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው፣ ነው፤ «ሱዶ ሪዞልቭሲቲኤል ዲኤንኤስ ኢኤንፒ3ኤስ0 8.8.8.8» ለዛሬ ያሳልፋችኋል።

ከሩቅ ሆኜ ልነካካ ብዬ ተቆለፈብኝ

ይሄ የራሴ ጉድ ነው። መገናኛ ካፌ ተቀምጬ በኤስኤስኤች (ሌላ ማሽን ከሩቅ በሚታዘዝበት መንገድ) የመደብሩን ሰርቨር እያስተካከልኩ ነበር። ካርዱን ዘግቼ ልክፈተው ብዬ «ዳውን» አልኩት። «አፕ» ልጽፍ ስል ስክሪኑ ደርቋል። የተቀመጥኩበትን ቅርንጫፍ ነው የቆረጥኩት። ሂሳብ ከፍዬ፣ ታክሲ ተሰልፌ፣ ቱሉ ዲምቱ ደርሼ አንድ መስመር ጽፌ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ሆኜ «ዳውን» አልልም። ሰርቨር ላይ አድራሻ መቀየር ካለብኝ የኔትፕላንን ፋይል (የኔትወርኩ ቅንብር የሚጻፍበትን) አስተካክዬ «ሱዶ ኔትፕላን ትራይ» እላለሁ። አዲሱን ቅንብር ያስገባና 120 ሰከንድ ይጠብቃል። መስመሩ ካልተቋረጠ ኢንተር እጫናለሁ፣ ይጸናል። ከተቋረጠ የሚጫን ሰው የለም፣ ራሱ ወደ ድሮው ይመለሳል። ፋይሉን ስትጽፉ ወደ ውስጥ የምታስገቡት በክፍት ቦታ ይሁን፤ አንዲት ታብ ከገባች ገና ከመነሻው አልቀበልም ይላችኋል።