የሲ. ኤሌጋንስ አርኤንኤአይ አልሠራ ሲል

ሲ. ኤሌጋንስ ትልን ባክቴሪያ እያበሉ አንድን ጂን መዝጋት (አርኤንኤአይ) ለጀማሪ ቀላሉ የጄኔቲክስ ሙከራ ነው። ኤችቲ115 የተባለው ባክቴሪያ ኤል4440 ፕላስሚድ (ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) ይዞ ባለ ሁለት ክር አርኤንኤ ያመርታል፤ ትሉ ሲበላው ጂኑ ይዳከማል። ለውጥ ካልታየ ጂኑን ከመጠርጠር በፊት ባክቴሪያውንና ፕሌቱን (የሚያድጉበትን ሳህን) መፈተሽ ይቀድማል። ለዚህም ከራስዎ ጂን ጎን ሁለት ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ) አይጥፋ፦ የትል ጂን ያልገባበት ባዶ ኤል4440፣ እና ሲዘጋ ውጤቱ በግልጽ የሚታየው ጂን አንክ-22። አንክ-22 የተዘጋበት ትል በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል፤ አንዴ ያየ አይስተውም።

ችግር፦ አንክ-22 ላይም ንዝፈት የለም።
ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያው አርኤንኤ አለማምረቱ ነው። አጋሩ (የፕሌቱ ጄል) ወደ 55 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ፣ ባክቴሪያው አርኤንኤ እንዲያመርት የሚያነሳሳውን አይፒቲጂ 1 ሚሊሞላር፣ ካርቤኒሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ በሚሊ ሊትር 25 ማይክሮግራም ይጨምሩ። በሙቅ አጋር ላይ ከፈሰሱ ይበላሻሉ። ኤችቲ115 ቴትራሳይክሊን የተባለውን ሌላ አንቲባዮቲክ ስለሚቋቋም ፕሌቱ ላይም የሚጨምሩ አሉ፤ አይመከርም፣ ውጤቱን ያዳክማል። ቴትራሳይክሊን ኮሎኒ ሲለዩ ብቻ ይበቃል። ባክቴሪያውን ከአዲስ ኮሎኒ አሳድገው፣ ፕሌቱ ላይ ካደረጉት በኋላ በክፍል ሙቀት አንድ ሌሊት ይደር።

ችግር፦ ውጤቱ አንዳንዱ ትል ላይ ብቻ ይታያል።
ትሎቹ ከቀድሞ ፕሌታቸው ኦፒ50 (የተለመደውን የምግብ ባክቴሪያ) ይዘው መጥተዋል። ካርቤኒሲሊን ያጠፋዋል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ኤችቲ115 የሚለቀው ኢንዛይም መድኃኒቱን ይሰባብረዋል። ትሎቹን መጀመሪያ ምግብ የሌለው ፕሌት ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ይልቀቁ። ዕድሜያቸውም ይመሳሰል፦ ኤል4 (የመጨረሻው የእጭ ደረጃ) ላይ ያሉትን ሆዳቸው መሃል በሚታየው ነጭ ግማሽ ጨረቃ ይለዩ። በ20 ዲግሪ አቆይተው ከ3 እስከ 4 ቀን በኋላ ልጆቻቸውን ይመልከቱ እንጂ እናቶቹን አይደለም።

ችግር፦ አንክ-22 ሠርቷል፣ የእርስዎ ጂን ግን ምንም አላሳየም።
ፕላስሚዱን ሲኩዌንስ ያስደርጉ፤ ከክምችት የሚወጣ ክሎን ሁሉ በስያሜው ልክ አይገኝም። ክሎኑ ትክክል ከሆነ ጂኑ የሚሠራው የት እንደሆነ ይዩ። የነርቭ ሴሎች ለዚህ ዘዴ ግትር ናቸው፤ ለእነሱ ለአርኤንኤአይ ይበልጥ ስሱ የሆኑትን አርአርኤፍ-3 ወይም ኢአርአይ-1 ሚውታንት ትሎች ይጠቀሙ። አርአርኤፍ-3 በ25 ዲግሪ ስለሚመክን ሙቀቱን ዝቅ ያድርጉ። ሲቢ4856 የተባለው የሃዋይ ዝርያ ደግሞ በጀርም ሴሎቹ (እንቁላልና ስፐርም በሚሆኑት) ለአርኤንኤአይ ደንታ ስለሌለው ለእንቁላል ጂኖች አይሆንም።

ችግር፦ ባዶው ኤል4440 ላይም ትሎቹ ታመዋል።
ወይ ምግብ አልቋል፣ ወይ ሻጋታና ሌላ ባክቴሪያ ገብቷል። 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና በረኪና እኩል ለእኩል ቀላቅለው፣ ከምግቡ ራቅ አድርገው አዲስ ፕሌት ጠርዝ ላይ አንድ ጠብታ ያኑሩ፤ እንቁላል የያዙ ጥቂት እናቶችን እዚያው ይጨምሩ። እናቶቹ ይሟሟሉ፣ እንቁላሎቹ በቅርፊታቸው ይተርፋሉ፤ በማግስቱ የተፈለፈሉት ወደ ምግቡ ይሳባሉ። እናቶቹ ካልሟሙ በረኪናው አርጅቷል፤ አዲስ ጠርሙስ ይክፈቱ።