ውሃ በፈረቃ ሲሆን የቤታችንን ቧንቧ እንዴት እናድናለን?

ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው ፈረቃን ያውቀዋል። ጀሪካን አሰልፎ መጠበቅ፣ በአጥር በኩል «እናንተ ጋ መጣ እንዴ?» ብሎ መጠየቅ፣ ሌሊት የቧንቧ ድምፅ ስንሰማ ዘሎ መነሳት። ስለ ውሃው ሁሌም እናወራለን። ስለ ቧንቧው ግን እስኪፈነዳ ድረስ የሚያስብ የለም። እኔም አላስብም ነበር።

አንድ ታህሳስ ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ማታ የኩሽናውን ቧንቧ ከፈትኩ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም፣ ሳልዘጋው ተኛሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ፉጨት ሰማሁ። ቀጥሎ ግድግዳው ውስጥ ጓ! ጓ! አለ። ከዚያ ዝም። በደብረ ብርሃን የታህሳስ ብርድ ከአልጋ የሚወርድ ጀግና ማን ነው? ተከናንቤ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ የሳህን ማጠቢያው ቀዳዳ ላይ ሳህን ተደፍቶበት ኖሮ ውሃው ሞልቶ ፈስሷል፣ ጥግ ላይ የቆመው የጤፍ ኩንታል ከሥሩ ርሷል፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ቦይለሩ አልሞቅ አለ። የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ ቦይለሩን ፈታ፣ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ መቃጠሉን አሳየኝና «ጋሼ፣ ውሃ ሲጠፋ እኮ ብዙም ችግር የለም። ሲመለስ ነው መጠንቀቅ ያለብዎት» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስመሩ ባዶ ሲሆን አየር ይገባበታል። ውሃው ሲመለስ ያን አየር ከፊቱ እየገፋ ይመጣል። አየር ቶሎ ይወጣል፤ ከኋላው ፍጥነት ይዞ የመጣው ውሃ ግን የተዘጋ ቦታ ሲያገኝ እንደ መዶሻ ይመታል። ያ ጓ የሚለው ድምፅ እሱ ነው። በአንድ ቀን ላይጎዳ ይችላል፤ በየሳምንቱ ሲደጋገም ግን መገጣጠሚያዎችን ያላላል። የድሮ የብረት ቧንቧ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ አንዴ እየረጠበ አንዴ እየደረቀ ውስጡ ይዝጋል፣ ውሃው ሲመጣ ዝገቱን ጠርጎ ወደ ቤት ያመጣዋል። ቆጣሪውም አየርና ውሃ አይለይም። አየር ሲያልፍበትም ይዞራል፣ ስለዚህ የአየር ሂሳብ የምንከፍልበት ጊዜ አለ።

እና ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ዋናውን መዝጊያ ፈልጉ። ከቆጣሪው ቀጥሎ ወደ ቤት በሚገባው መስመር ላይ ያለው ቫልቭ ነው። ብዙ ሰው የት እንዳለ አያውቅም፣ ወይ አፈር ለብሷል፣ ወይ ሣር በቅሎበታል። ውሃ ባለበት ቀን ዝጉትና ቤት ውስጥ አንድ ቧንቧ ክፈቱ። ውሃው ጭራሹን ከቆመ ደህና ነው። አልዞርም ካለ በጉልበት አትታገሉት፣ ይሰበራል፤ ሠራተኛ ጠርቶ ማስቀየር ይሻላል። ደህናውንም ቢሆን በወር አንዴ ከፈት ዘጋ አድርጉት፣ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይጣበቃል።

ውሃው ጠፋ እንበል። ሦስት ነገር ነው የሚጠበቅባችሁ። ዋናውን መዝጊያ ዝጉ። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ በሙሉ ዝጉ፣ እየዞራችሁ በእጃችሁ አረጋግጡ። የቦይለሩን ብሬከር አጥፉ። በተለይ ይቺን ሦስተኛዋን አትርሷት። ቦይለር ላይ የውሃውን ወደ ኋላ መመለስ የሚከለክል ቼክ ቫልቭ ከሌለ ወይም ካረጀ፣ ውስጡ ያለው ውሃ በቀዝቃዛው መስመር ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ሬዚስታንሱ ደግሞ ውሃ ውስጥ እንዲሠራ ነው የተሠራው፤ ደረቅ ላይ ሲበራ ወዲያው ይቃጠላል። የእኔም የተቃጠለው እንደዚያ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጎማም ልናገር። ልብስ የተዘፈዘፈበት በርሜል ውስጥ ቧንቧ ላይ የተሰካ ጎማ ነክሮ የሚሄድ ሰው አለ። መስመሩ ባዶ ሲሆን ወደ ኋላ ይስባል፣ በተለይ እንደ ደብረ ሲና ዳገት ላይ በተሠራ ከተማ ከታች ያለው ሰው ቧንቧ ሲከፍት ከላይ ያለው ቤት ቧንቧ አየር ሲስብ ትሰሙታላችሁ። ጎማው እድፍ ውሃ ውስጥ ካለ ያንን እድፍ ይስባል። ውሃው ሲመለስ ማን እንደሚጠጣው እናንተው አስቡት። ስለዚህ ጎማውን ከበርሜሉ አውጡ። ዲናሞ ገዝቶ በቀጥታ ከከተማው መስመር መሳብም ያው ነው። ቧንቧው የሆነ ቦታ ቀዳዳ ካለው ከጉድጓድ ያለውን ቆሻሻ ጭምር ይስባል፣ የጎረቤትንም ውሃ ይነጥቃል። ዲናሞ ካስፈለገ መጀመሪያ ውሃው በራሱ ጉልበት መሬት ላይ ያለ ታንከር ውስጥ ይግባ፣ ከዚያ ወደ ላይ ይገፋ።

አሁን ውሃው መጣ። እዚህ ጋ ነው መቸኮል የሌለባችሁ።

መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ክፈቱ። ከዚያ ዋናውን መዝጊያ ትንሽ ብቻ፣ ሩቡን ያህል ክፈቱት። ቧንቧው ያስላል፣ ይተፋል፣ ያፏጫል። ተዉት ይጨርስ። መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ ብዙ ጊዜ ቡናማ ነው፤ አትድፉት፣ በባልዲ ያዙትና ለሽንት ቤት አድርጉት። ጠርቶ ያለማቋረጥ መውረድ ሲጀምር መዝጊያውን ቀስ እያላችሁ ሙሉ ለሙሉ ክፈቱ። ቀጥሎ ቤት ውስጥ ገብታችሁ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ክፈቱ፤ ፎቅ ካላችሁ ከምድር ቤት ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። የቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ትንሿን ወንፊት አስቀድማችሁ ብትፈቷት ጥሩ ነው፣ አሸዋና ዝገቱ እዚያ ነው የሚጠራቀመው። ቤት ውስጥ «ውሃው ቀጠነ» እየተባለ ለወራት የሚማረሩበት ችግር አንዳንዴ የዚህች ወንፊት መደፈን ብቻ ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካላችሁ የመጀመሪያው ውሃ እንዳይገባበት።

ቦይለሩ የመጨረሻው ነው። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍታችሁ ጠብቁ። አየሩ አልቆ ውሃው ያለ መቆራረጥ ሲወርድ ቦይለሩ ሞልቷል ማለት ነው። ብሬከሩን ያኔ አብሩ።

ስለ ታንከር ደግሞ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብንይዝ፣ አምስት ሰው ላለበት ቤት ለሦስት ቀን 750 ሊትር ይሆናል። ባለ 1,000 ሊትሩ ሮቶ ይበቃል ማለት ነው። ግን በፈረቃችሁ ይሞላል ወይ? 20 ሊትር ጀሪካን ቧንቧው ሥር አድርጉና በሰዓት ያዙ። በ2 ደቂቃ ከሞላ፣ ሮቶው ለመሙላት 100 ደቂቃ ይፈልጋል። ውሃው የሚመጣው ለአንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ ትልቅ ታንከር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ሌላው ክብደቱ ነው። 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። በሁለት እንጨትና በቆርቆሮ የተሠራ መቆሚያ ላይ አንድ ቶን ሰቅለው ሥሩ ልጆች ሲጫወቱ ሳይ ልቤ ይርዳል። መቆሚያውን በብረት አሠሩት። ታንከሩ በሞላ ቁጥር ውሃው እንዲቆም ፍሎተር፣ የታንከሩ ውሃ ወደ ከተማው መስመር እንዳይመለስ ደግሞ ቼክ ቫልቭ ያስፈልገዋል።

ክዳኑ ሁሌም ይከደን። ሸዋ ሮቢት ለሆናችሁ ይሄ የትንኝ ጉዳይም ነው። ውስጡን በዓመት ሁለቴ እጠቡት። ሥሩ የተጠራቀመውን ጭቃ አውጥታችሁ፣ ፈትጋችሁ፣ ውሃ ሙሉና ለ1,000 ሊትር አንድ ሊትር በረኪና ጨምሩ፤ 5 በመቶ ከሚለው ዓይነት፣ ሽታ ያልተጨመረበት። አንድ ሌሊት አሳድሩት። ያን ውሃ አትጠጡትም። ደፍታችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ እንደገና ትሞላላችሁ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ በህዳርና በታህሳስ ውርጩ ቀልድ የለውም። ከታንከሩ የሚወርደው ቧንቧ በውጭ በኩል ከሆነ ውስጡ ያለው ውሃ ሌሊት በረዶ ሊሆን ይችላል። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ቧንቧውን የሚሰነጥቀው ይሄ ነው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ እየኖርን ቧንቧ በብርድ ሲሞት ያሳፍራል። አሮጌ ብርድ ልብስ ቆርጣችሁ ጠምጥሙበት፣ በላዩ ላይ ላስቲክ አልብሱና በደንብ እሠሩ። ላስቲኩ የግድ ነው፤ ብርድ ልብሱ ከራሰ ምንም አይጠቅምም።

ውሃው ተመልሶ ሁሉ ነገር ከተረጋጋ በኋላ አንድ ፍተሻ ቀርቷል። ቧንቧውን በሙሉ ዝጉ፣ ታንከሩ ሞልቶ መቆሙን አረጋግጡና ቆጣሪው ላይ ውሃ ሲያልፍ የምትሽከረከረውን ትንሿን ምልክት እዩ። ማንም ሳይጠቀም የምትዞር ከሆነ የሆነ ቦታ ይፈስሳል። ከሁሉ በፊት ሽንት ቤቱን ጠርጥሩ፤ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለችው ጎማ በተደጋጋሚ ስትደርቅ ትሰነጠቅና ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ሲወርድ ያድራል። ለማወቅ የቀዘቀዘ ቡና ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምሩና ሳትለቁት ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ቡናማ ነገር ከታየ ጎማዋ አልቃለች፣ ለውጧት። ለዚህ በረካው ይበቃል፤ አቦሉን ጠጡት።